ቤቶች!

የምናዘዘው ነገር ትንሽ ነው። ሰው አልሞተበትም፣ ገንዘብ አልተበላበትም፤ በየትኛውም አገር ዳኛ ፊት ቢቀርብ መዝገቡ በአምስት ደቂቃ ይዘጋል። ትንሽ ነው ስል ግን ገና ከመጀመሪያው መስመር ለራሴ እያዳላሁ እንደሆነ ይሰማኛል። ስለዚህ ልኩን ለእናንተ ትቼ የሆነውን ልናገር። ይቅር በሉኝ አልልም፤ እናንተን አልበደልኩም። የበደልኩት አንዲት ሴትን ነው። እሷ ደግሞ ይህን ታንብበው አታንብበው የማውቅበት መንገድ የለኝም።

እ.ኤ.አ. በ2019 ጥቅምት ላይ ሌሮስ የምትባል የግሪክ ደሴት ገባሁ። ከቱርክ ጠረፍ ፊት ለፊት ከተበተኑት የዶዴካኒዝ ደሴቶች አንዷ ናት። ትልቁ ወደቧ ላኪ ይባላል፤ አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ፣ ውኃው ጥልቅ ነው። ከተማዋን የቆረቆሯት ጣሊያኖች ናቸው። ደሴቲቱን ከ1912 ጀምሮ ይዘው ነበርና በ1930ዎቹ ለባሕር ኃይላቸው ብለው ከነሲኒማ ቤቷ፣ ከነሰዓት ማማዋ፣ ከነገበያዋ አቆሟት። የመጀመሪያ ቀን በጎዳናዋ ሳልፍ ጎንደር ፒያሳ የቆምኩ መሰለኝ። ያው የተድቦለቦለ ማዕዘን፣ ያው ግድግዳ፣ ያው እጅ። ዘመኑም ያው፣ እኛን የወረሩበት ዘመን ነው። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ያን ክረምት (ክረምት ስል የእነሱን ማለቴ ነው) ያልተናገርኩት ብዙ ነው።

የሄድኩት ጀልባ ልገዛ ነበር። ጎተንበርግ ከተማ ውስጥ 26 ዓመት ትራም ነድቼ፣ ጡረታዬን ቀደም አድርጌ ወጥቼ፣ አንድ ሽማግሌ ስዊድናዊ እዚያ ትቷት የነበረችን አሮጌ የሸራ ጀልባ ገዛሁ። አልቢን ቬጋ የሚባሉት ዓይነት ናት፤ ስዊድን ውስጥ እስከ 1979 ድረስ ከሦስት ሺህ በላይ ተሠርተዋል። ርዝመቷ ስምንት ሜትር ከሩብ፣ ወርዷ ሁለት ሜትር ተኩል አይሞላም። ሐሳቤ በአንድ ወር አድሼ ወደሚቀጥለው ደሴት መሄድ ነበር። የጀልባ እድሳት ግን እንደ ሐበሻ ቀጠሮ ነው። ሞተሩ ሲፈታ ቱቦው ተበልቶ ተገኘ፤ ቱቦው ሲለወጥ የተገጠመበት እንጨት በስብሶ ተገኘ። አንዱ ወር ስምንት ወር ሆነ።

እዚህ ላይ ስምንት ሜትር ውስጥ መኖር ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ፤ ለነገሩ ያስፈልጋል። ቀጥ ብዬ ስቆም ጸጉሬ ጣሪያውን ይነካል። አልጋዬ ቀን ቀን ወንበር ነው። ሌሊት የተነፈስኩት አየር ጣሪያው ላይ ጠል ሆኖ ያድርና ንጋት ላይ ግንባሬ ላይ ጠብ ይላል። ፍራሹን በየሦስት ቀኑ ካላነሳሁት ከሥሩ ሻጋታ ያበቅላል። ልብስ አይደርቅም። ነፋስ ሲነሣ የአንዱ ጀልባ ገመድ ምሰሶው ላይ መንቀጫቀጭ ይጀምርና ባለቤቱ ተነሥቶ እስኪያስረው ድረስ ወደቡ ሙሉ ነቅቶ ይጠብቃል። ጎረቤት ሲያስነጥስ ይሰማል፤ ማንኪያ ስታስቀምጥ ይሰማል። ከምድር ጋር የሚያገናኘኝ አንዲት ሳንቃ ናት። የሚንኳኳ በር የለም። ሊጠይቀኝ የሚመጣ ሰው ድንጋዩ ላይ ቆሞ ይጣራል።

ላኪ ላይ ጀልባቸውን አስረው የሚከርሙት እንግሊዞች፣ ሆላንዶች፣ ጀርመኖች፣ ፈረንሳዮች ናቸው፤ አብዛኞቹ ጡረተኞች። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በመርከብ ራዲዮ ይገናኛሉ፦ የአየሩ ነገር፣ ጋዝ የሚሞላበት ቀን፣ ትርፍ ቀለም ያለው ሰው። እሁድ ከሰዓት ሁሉም የሠራውን ይዞ ይመጣና አብሮ ይበላል። ደጎች ናቸው። በእነሱ የማሳብበው አንዳች ነገር እንደሌለ አስቀድሞ ይታወቅልኝ።

በመጀመሪያው ሳምንት ጀልባዬ ላይ ጎንበስ ብዬ ገመድ ስቋጥር አንድ ሰው ድንጋዩ ላይ ቆሞ “ባለቤቱ የት ነው?” አለኝ። እኔ ነኝ አልኩት። ሳቀ፤ ክፋት አልነበረበትም። በማግሥቱ ዳቦ ገዝቼ ስመለስ ወረቀት ተጠየቅኩ። ከሦስት ቀን በኋላ እንደገና ተጠየቅኩ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር። ከውኃው ማዶ፣ ሌፒዳ በሚባለው በኩል፣ የስደተኞች መጠለያ ነበረ። ግቢው በጣሊያን ጊዜ የጦር ሰፈር ነበር፤ ከ1957 ጀምሮ የአእምሮ ሕሙማን ይታጎሩበት ነበር፤ ከ2016 ጀምሮ ደግሞ ከቱርክ በጎማ ጀልባ የሚሻገሩ ሰዎች ይቆዩበት ነበር። ለ860 ሰው ተሠርቶ ያን ክረምት ከ2,000 በላይ ሰው ነበረበት፦ ሶርያዊ፣ አፍጋናዊ፣ ሶማሊያዊ፣ ከእኛም ጥቂት። ማታ የመብራቱ ጨረር ውኃው ላይ ተንጣልሎ እስከ እኔ ጀልባ ይደርስ ነበር።

ታዲያ እኔ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? የስዊድን ባንዲራ ገዛሁ። ጀልባዋ ላይ አንድ ነበረ፤ አነሰኝና ትልቁን ገዛሁ። መርከበኞች የሚለብሱትን ሰማያዊ የዝናብ ካፖርት ለብሼ ዳቦ ቤት መሄድ ጀመርኩ። ፀሐይ በወጣበት ቀን የዝናብ ካፖርት ለብሶ ዳቦ ቤት የተሰለፈውን ሰውዬ ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል። ያን ጊዜ አላሳቀኝም፤ ሠርቶልኝ ነበርና። ወረቀት የሚጠይቀኝ ጠፋ። በራዲዮው “ስዊድናዊው” ተባልኩ። ስዊድን ውስጥ በየሳምንቱ “ለመሆኑ ከየት ነህ?” ሲሉኝ 30 ዓመት ኖሬ፣ እዚህ ከስዊድን መሆኔ አልቆ የተቆረጠ ነገር ሆነ። አንድ ሰው ሸክም ማውረዱን የሚያውቀው ካወረደ በኋላ ነው። ዕረፍቱ ጣመኝ። የበደሌ ሥር እዚህ ላይ ይመስለኛል። ወይም ሥሩ ከዚህ ዝቅ ይላል፤ እመለስበታለሁ።

ቡና ግን አልተውኩም። እህቴ ከባሕር ዳር በሰው እጅ የላከችልኝ ጥሬ ቡና ነበረኝ። እሁድ እሁድ ጠዋት በትንሽ መጥበሻ እቆላና፣ ጀበና ስለሌለኝ፣ ግሪኮች ብሪኪ በሚሏት እጀታማ ማፍያ አፈላለሁ። ጀልባ ውስጥ ቡና መቁላት ሞኝነት ነው። ጢሱ መውጫ ስለሌለው የላይኛውን ክዳን ከፍቼ፣ ዓይኔ እያነባ፣ ምድጃው ላይ ጎንበስ ብዬ እቆላለሁ። ጎረቤቶቼ ምን እንደሚሸታቸው አልጠየቅኳቸውም። እነሱም ጨዋ ናቸው፣ አልጠየቁኝም።

ከፈረንጆቹ ገና በፊት ባለው እሁድ እንዲሁ እየቆላሁ ነበር። ቡናው መንጣጣት ጀምሯል፤ መጥበሻውን ወዝወዝ እያደረግኩ ነው። ከላይ፣ ከድንጋዩ በኩል፣ የሴት ድምፅ ሰማሁ።

“ቤቶች!”

ስዊድን ውስጥ “ቤቶች” አይባልም። አስቀድሞ ሳይደውል የሚመጣ ሰውም የለም። ለመጨረሻ ጊዜ “ቤቶች” ተብሎ የተጣሩብኝ የት እንደነበር አላስታውስም፤ ምናልባት ባሕር ዳር፣ እናቴ ግቢ፣ አንዱ ጎረቤት ወንፊት ሊዋስ መጥቶ ይሆናል። መጥበሻውን አስቀምጬ ተነሣሁ። “አቤት!” ልል አፌን ከፈትኩ።

ያን ጊዜ ከጎን ባለው ጀልባ ሆላንዳዊቷ ጎረቤቴ ሲኒዋን ስታስቀምጥ ሰማሁ። ቀጭን፣ ትንሽ ድምፅ ናት። አፌን ዘጋሁ። ጋዙን አጠፋሁ። ቀስ ብዬ ተቀመጥኩ።

“ቤቶች! ሰው የለም?” ድምፅዋ ውስጥ ሳቅ ነበረበት። ጀልባን “ቤቶች” ብላ መጣራቷ ራሷንም ሳያስቃት አልቀረም። ቡናው በመጥበሻው ግለት ብቻውን መቆላቱን ቀጠለ። ጠቆረ፤ ጢሱ በክዳኑ በኩል ቀጥ ብሎ ወጣ፤ እሷም ሳታየው አልቀረችም። መጥበሻውን አላነሣሁም፤ ካነሣሁት ብረቱ ይሰማል። ሰው መኖሩን ጢስ እየመሰከረ እኔ ትንፋሼን ይዤ ተቀመጥኩ። ትንሽ ቆይታ ሄደች። በታኅሣሥ ብርድ የምትሄደው በነጠላ ጫማ ነበር፤ ጠፍ ጠፍ ሲል እስኪርቅ ሰማሁት።

ያረረውን ባሕር ውስጥ ደፋሁት።

ከሰዓት በኋላ ምክንያት አገኘሁ፤ ሕግ። ስደተኛ ጀልባው ላይ ያወጣ ሰው በአሻጋሪነት ሊከሰስ እንደሚችል ወደቡ ውስጥ ይወራ ነበር። ወሬው ከመሬት የተነሣ ነው አልልም። ለኔ ግን ምክንያት ሊሆን አይችልም፤ ልጅቷ አሻግረኝ አላለችኝም፣ እኔም ጋዙን ሳጠፋ ሕግ የሚባል ነገር በአሳቤ አልነበረም። በአሳቤ የነበረው የሲኒው ድምፅ ነው። ሆላንዳዊቷ ሰምታ፣ ቀና ብላ አይታ፣ “ለካ ከማዶዎቹ ነው” እንዳትለኝ ነው። እንዲያ ትል እንደነበር ደግሞ ማስረጃ የለኝም። ሴትየዋን በአሳቤ ክፉ አድርጌ ሥዬ፣ በዚያ ሥዕል ሳመካኝ ሁለት ሰው በደልኩ ማለት ነው።

የበደልኩበት ሁለተኛው ቀን ታኅሣሥ 27 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ለእኛ የገና ዋዜማ ነው፤ ለግሪኮች ግን በእነሱ አቆጣጠር ጥምቀት ነው። ካህኑ ወደቡ ላይ መስቀል ወደ ባሕር ይወረውራል፤ ጎረምሶች በብርዱ ዘለው ገብተው ይሻሙበታል፤ ጀልባዎች ጡሩምባ ይነፋሉ። ያን ቀን ነፋሱ ብርቱ ነበር፣ ማዕበሉ ድንጋዩ ላይ ይረጫል። እኛ ጀልበኞቹ አንድ ላይ ቆመናል። እኔ ሰማያዊ ካፖርቴን ለብሻለሁ፤ በቀኜ ሆላንዳዊቷ፣ በግራዬ አንድ እንግሊዛዊ።

ከሕዝቡ መካከል ነጠላ ያጣፋች ልጅ አየሁ። ነጠላውን ከየት እንዳገኘችው እንጃ፤ ያን ሁሉ አገርና ባሕር ይዛው ተሻግራ ይሆናል። ጥምቀት መሆኑን አውቃ የመጣች ናት። ሃያ አምስት ቢሆናት ነው። ወደ እኔ መጣች፣ ጎንበስ አለች።

“ጋሼ፣ ይቅርታ፤ ሐበሻ ነዎት?”

ድምፅዋን አወቅኩት። በእንግሊዝኛ “ይቅርታ፣ አልገባኝም” አልኳት።

እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አንገቷን ሰበር አደረገች። “ተመሳስለውብኝ ነው” አለች፣ በአማርኛ፣ ለራሷ። ቅያሜ አላየሁባትም። ዘወር ብላ ስትራመድ ድንጋዩ ርሶ ስለነበር ያው ነጠላ ጫማዋ አዳለጣት።

“እኔን!” አልኩ።

ወድጄ አይደለም። “እኔን” የሚለውን ቃል አስቦ የሚናገረው ሰው የለም። ሌላው ሲሰናከል ያንተ አፍ ቀድሞ ይላል፣ አንተን ያዳልጥህ ይመስል። በ30 ዓመት ውስጥ ስንት ቃል ረስቻለሁ፤ ይህች ግን እዚያው ነበረች፣ ምላሴ ሥር። ልጅቷ አልወደቀችም። የብረቱን አጥር ይዛ ቀና አለችና ዞራ አየችኝ። እኔ ስልኬን ከኪሴ አውጥቼ ፎቶ ማንሣት ጀመርኩ። ፎቶው እስካሁን አለ። መስቀሉም፣ ካህኑም፣ ዋናተኞቹም የሉበትም፤ ውኃ ብቻ ነው።

ካህን ወዳጆቼ ይህን ስነግራቸው የጴጥሮስን ክህደት ያነሡልኛል። ሊያጽናኑኝ ነው፤ ግን ልኬ አይደለም። ጴጥሮስ የፈራው ሰይፍ ነው። እኔ የፈራሁት እሁድ ከሰዓት በኋላ የሚበላ የድንች ሰላጣ እንዳይቀርብኝ ነው።

እመለስበታለሁ ያልኩትን ሥር አሁን ልንካው። ወረቀት መጠየቁ አሳፈረኝ፣ ባንዲራው ጋረደኝ፣ ያልኩት ሁሉ እውነት ነው፤ ግን እንዲህ ብቻ ካልኩ ሌላው ዓለም አበላሸኝ ማለት ይሆናል። ያደግኩት ጣና ዳር ነው። ከደንገል ታንኳ የሚሠሩትን ወይጦዎች በየቀኑ እናይ ነበር፤ በታንኳቸው እንሻገራለን፣ ዓሣቸውን እንገዛለን፣ አብረን ግን አንበላም። ለምን ብዬ እናቴን ጠይቄ አላውቅም፤ መጠየቅ አላስፈለገኝም፣ ገብቶኝ ነበር። ሰውን በክንድ ርቀት ማቆም የተማርኩት አውሮፓ ውስጥ አይደለም። አውሮፓ ያስተማረኝ የሚቆመው ሰው እኔም ልሆን እንደምችል ነው። ያን ያወቀ ሰው ሁለት መንገድ አለው፤ እኔ በየትኛው እንደሄድኩ ነገርኳችሁ።

ከዚያ ወዲያ ቡና መቁላት አቆምኩ። ከሦስት ወር በላይ በሙቅ ውኃ የሚበጠበጠውን ዱቄት ጠጣሁ። ራሴን እየቀጣሁ ነበር ብል ያምርልኝ ነበር። ሽታው ሰው እንዳያመጣብኝ ነው። ጥሬውን ቡና በሁለት ላስቲክ ጠቅልዬ ከአልጋው ሥር፣ ከሸራዎቹ ጋር ከተትኩት።

መጋቢት ላይ የኮሮና ወረርሽኝ መጣ። ከማርች 23 ጀምሮ ግሪክ ውስጥ ከቤት ለመውጣት ወደ 13033 መልእክት መላክ ግድ ሆነ፤ መድኃኒት ቤት ከሆነ አንድ፣ ገበያ ከሆነ ሁለት፣ እግር ማፍታታት ከሆነ ስድስት። ጀልባ ከወደብ ንቅንቅ እንዳይል ተባለ። የማዶዎቹም ግቢ ተዘጋ። የእሁዱ ማዕድ ቀረ። ሁላችንም በየጀልባችን ሆነን፣ ሁለት ሁለት ሜትር ተራርቀን፣ በውኃው ላይ መነጋገር ጀመርን።

የዚያ ዓመት ፋሲካ እንደ ሁልጊዜው ከግሪኮቹ ጋር አንድ ቀን ዋለ፤ ኤፕሪል 19፣ ሚያዝያ 11። ቤተ ክርስቲያን ስለተዘጋ ሌሊቱን ሰዎች በየበረንዳቸው ሻማ ይዘው ወጡ። ከጀልባዬ ሆኜ አየኋቸው። ጠዋት ከአልጋው ሥር ቡናዬን አወጣሁ። ማንም እንደማይመጣ አውቃለሁ፤ መውጣት ክልክል ነው። ይህንንም ልብ በሉልኝ፤ ቡናዬን የፈታሁት መንገዱ መዘጋቱን ካረጋገጥኩ በኋላ ነው።

ጢሱ ሲወጣ ሆላንዳዊቷ ከጀልባዋ ብቅ አለች። “ይህ ሽታ!” አለች። “ክረምቱ ሲገባ እኮ ዳቦ የምታሳርር ይመስለኝ ነበር። ቡና መሆኑን ያቺ ልጅ ናት የነገረችኝ።”

የቷ ልጅ አልኳት፤ እያወቅኩ።

ጥር ላይ አንዲት ልጅ እየመጣች ከወደቡ አግዳሚ ትቀመጥ ነበር። ሆላንዳዊቷ አይታ አይታ ሻይ ጠራቻት። ቤይሩት ውስጥ አራት ዓመት ሰው ቤት ሠርታለች። ስሟን ነግራት ነበር፤ ግን “መያዝ አቃተኝ” አለች ሆላንዳዊቷ፣ አፍራ። እኔ አንዴ ብሰማው የምይዘው ስም ነው። ልጅቷ፣ እዚህ አካባቢ አንድ እሁድ ቡና ሲቆላ ሸትቶኛል፣ በአገሬ እንዲህ ነው የሚሸተው፣ እኛ ደግሞ ብቻችንን አንጠጣም ብላታለች። 

“ያኔ የአንተ ጀልባ መሆኑ ገባኝ” አለች ሆላንዳዊቷ። “ጀልባህን አሳየኋትና፣ ምናልባት የአገርሽ ሰው ይሆን እንዴ ብዬ ጠየቅኳት። ብዙ ጊዜ ዝም ብላ አየችው። አይደለም አለችኝ፤ እሱ ስዊድናዊ ነው።”

መጥበሻው እጄ ላይ ነበር። በደሌን ያወቅኩት ያኔ ነው። ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር ማለቴ አይደለም፤ ጥሩ እንዳልሠራሁ ከመጀመሪያው ቀን አውቃለሁ። ግን እስከዚያ ጠዋት ድረስ ነገሩ ውስጥ የነበርኩት እኔ ብቻ ነበርኩ፦ የእኔ ፍርሃት፣ የእኔ እፍረት፣ የእኔ ጸጸት። እሷን አንድም ቀን እንደ ሰው አላሰብኳትም። “እኔን” ያልኩትን ሰምታለች። ማን እንደሆንኩ ታውቃለች። ስትጠየቅ ደግሞ የካድኩትን እኔነቴን ሸፈነችልኝ። አንድ ቃል ብትናገር የሦስት ወር ቲያትሬ ያበቃ ነበር። ሥልጣኑ በእጇ ነበር፤ አልተጠቀመችበትም።

ሸፈነችልኝ አልኩ። እርግጠኛ አይደለሁም። አማርኛችን በአንዲት ፊደል ፍርድ ይለውጣል፤ መሰከረልኝና መሰከረብኝ፣ ፈረደልኝና ፈረደብኝ። “አይደለም” ያለችው ልትሸፍንልኝ ይሆናል። ወይም መርምራ የደረሰችበት ፍርድ ይሆናል፤ አይቼዋለሁ፣ ሰምቼዋለሁ፣ የአገሬ ሰው አይደለም። አለችልኝ ይሁን አለችብኝ፣ እስከ ዛሬ አልለየሁትም። ሁለቱንም እንደሚገባኝ ብቻ ነው የማውቀው፤ የመጀመሪያው ደግሞ ከሁለተኛው ይከብደኛል።

ለሆላንዳዊቷ ያን ቀን ምንም አላልኳትም። ከሁለት ቀን በኋላ ነገርኳት፣ ሁሉንም፣ ሲኒውንም ጭምር። ሰምታ ስታበቃ “ታዲያ ለምን?” አለችኝ። ጥያቄው ነቀፋ አልነበረም፤ በእውነት አልገባትም። መልሱን በእንግሊዝኛ አጣሁት። በአማርኛ ለማግኘት ይኸው ይህን ያህል ወረቀት ፈጀብኝ።

ግንቦት ላይ መንገዱ ሲከፈት ወደ ሌፒዳ ሄድኩ። በወደቡ ዳር ዙሪያውን በእግር የሚደረስ ነው። ወረርሽኙ ባያግደኝ ቀድሜ እሄድ ነበር ብዬ ጽፌ ነበር፤ ሰረዝኩት። ከጥምቀቱ ቀን እስከ ማርች 23 ድረስ አሥራ አንድ ሳምንት ነበረኝ፣ መብራታቸውም ማታ ማታ ጀልባዬ ድረስ ይመጣ ነበር። የመጠለያው ሰዎች እንደተዘጉ ናቸው፤ መግባትም መውጣትም የለም። በሩ ላይ ያለው ጠባቂ ትሑት ነበር። ማንን ነው የምትፈልገው አለኝ። አንዲት ሴት አልኩት። ከየት? ከኢትዮጵያ፣ መሰለኝ። ወረቀቱን አነሣና “ስሟ ማን ነው?” አለኝ።

ከኪሎ የማያንስ ቡና ይዤ ነበር። ይዤው ተመለስኩ። በሰኔ ጀልባዋን አስነሥቼ ከላኪ ወጣሁ።

እህቴ ሆይ፣ ድንገት ይህን የምታነቢ ከሆነ፤ ከታኅሣሥ አጋማሽ በአንዱ እሁድ ጠዋት ላኪ ወደብ ላይ አንዲት አሮጌ ጀልባ ፊት ቆመሽ “ቤቶች” ብለሽ ነበር። ሰው ነበረ። የሸተተሽም ቡና ነው። በጥምቀቱ ቀን ደግሞ ሐበሻ ነዎት ብለሽ ጠየቅሽኝ።

ነኝ።